«ሹድ ስቴይ ዘ ሴም»፦ ቃል መግባት ነው ወይስ ግምት?

ባለፈው ወር አንድ የኢንተርኔት መድረክ ላይ ስለ እንግሊዝኛው «ሹድ» (should) አንድ ጥያቄ ለጥፌ ነበር። በሁለት ሳምንት ውስጥ 22 መልስ መጣ። ሁሉንም ደጋግሜ አነበብኳቸው። ክሩ፣ ማለት የመልሶቹ ሰንሰለት፣ ረዝሞ ስለተበታተነ፣ ዘግይቶ የመጣ ሰው እንዲከተለው ከመነሻው ጀምሬ ልተርከው።

የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። አምና የቤት ኪራይ ውሌ ሊያልቅ ሦስት ወር ሲቀረው ለሕንፃው ቢሮ ኢሜይል ላክሁ። የሚቀጥለው ዓመት ኪራይ ስንት እንደሚሆን ጠየቅሁ። የመጣልኝ መልስ አንድ መስመር ነበር። ኪራይሽ «ሹድ ስቴይ ዘ ሴም» ይላል። ደስ አለኝ። ትምህርት ቤት «ሹድ» ማለት «አለበት» ነው ተብዬ ነው ያደግሁት። ስለዚህ ኪራዩ ባለበት መቆየት አለበት ብዬ አነበብኩት። እንዲያውም «ይቆያል» ከሚለው ከ«ዊል» የጠነከረ መሰለኝ። ግዴታ ነዋ! ሌላ ቤት መፈለጌን ተውኩ። አንዲት ጓደኛዬ አብረን እንከራይ ስትለኝም አይሆንም አልኳት። ከወር በኋላ የመጣው ውል 140 ዶላር ጨምሮ ነበር፣ በየወሩ። ኢሜይሉን ይዤ ሄድኩ። ሠራተኛዋ አልተቆጣችም፣ አላፈረችምም። «ዊል» እንዳላለችኝ፣ ያለችኝ «ሹድ» እንደሆነ ረጋ ብላ ነገረችኝ።

ጥያቄዬ ከዚህ የተነሳ ነው። እንግሊዝኛ አንድ ነገር እንዳለ ይቀጥላል ብሎ ሲጠብቅ ይህን ያህል ደረጃ ካለው ለምን አልተማርነውም? ከጥያቄው ጋር አንድ አባባልም ጨመርኩ። አማርኛ እንዲህ አያጭበረብርም፣ «ይቆያል» ካልን ይቆያል ነው አልኩ። ክሩን ያቀጣጠለው ይህ የመጨረሻው ነው።

1ኛው መልስ ከአዲስ አበባ መጣ። የጻፈችው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ የምታስተምር ሴት ናት። በጣም በትሕትና ነው የጀመረችው። መጽሐፉ «ሹድ»ን ለምክር ብቻ እንደሚያስተምር አመነች። ሐኪም ማየት አለብህ፣ ማጥናት አለብሽ፣ በዚያው ያልቃል። ከዚያ ደረጃዎቹን ዘረዘረችልን። «ዊል ስቴይ» ያለ ሰው ኃላፊነቱን ራሱ ይወስዳል። «ሹድ ስቴይ» ያለ ሰው እስካሁን ከማውቀው ተነስቼ ነው የምናገረው ማለቱ ነው። ያላወቀው ነገር ከመጣ አይጠየቅም። «ኢዝ ኤክስፔክትድ ቱ ስቴይ» ሲሆን ደግሞ የሚጠብቀው ሰው ራሱ ይጠፋል። ማን ነው የጠበቀው? ዓረፍተ ነገሩ አይናገርም። እኛም ዜና ላይ «ይጠበቃል» ስንል ባለቤቱን እንደምንደብቀው አስታወሰችን። እኔ ይህን አስቤው አላውቅም ነበር።

2ኛው ዳላስ የሚኖር የከባድ መኪና ሹፌር ነው። ጭነት የሚመድበው ሰው ዕቃው «ሹድ ስቲል ቢ ዜር»፣ አሁንም እዚያው መሆን አለበት፣ ብሎት አራት ሰዓት ነድቶ ሄደ። ዕቃው ጠዋት በሌላ መኪና ተጭኖ ነበር። ባዶውን ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ «ሹድ» የሚል ሲሰማ አንድ ነገር ብቻ ይጠይቃል፦ ለመጨረሻ ጊዜ ያየኸው መቼ ነው? መልሱ ዛሬ ጠዋት ከሆነ ይነዳል። ትናንት ከሆነ ደውሎ ያጣራል። ከክሩ ሁሉ በሥራ ላይ ቶሎ የሚውለው ይህ ይመስለኛል።

3ኛው መልስ እኔን አረመኝ። ለንደን የምትሠራ ነርስ ናት። አማርኛ አያጭበረብርም ያልኩትን በአንድ ምሳሌ አፈረሰችው። «መድረስ አለበት» ስንል ግዴታ ነው። «ደርሶ መሆን አለበት» ስንል ግን ግምት ነው። ያው «አለበት» ነው፣ ሥራው ግን ሌላ። ማንም አማርኛ ተናጋሪ ሁለቱን አያምታታም። ስለዚህ የእንግሊዙ «ሹድ» ሁለት ፊት ያለው መሆኑ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ልዩነቱ እኛ ግምቱን በግሡ ቅርጽ ስለምንለይ ነው። እነሱ ዘንድ ቅርጹ አንድ ነው፣ የሚለየው ሁኔታው ነው። ከሥራዋም ምሳሌ ሰጠች። ሐኪም የታማሚው የደም ግፊት «ሹድ ሪሜይን ስቴብል»፣ ሳይለዋወጥ መቆየት አለበት፣ ብሎ ሲሄድ፣ ለእሷ ተኝታ ማደር ትችላለች ማለት አይደለም። በየአራት ሰዓቱ ለኪ ማለት ነው።

አንድ ሌላ ነገርም አከለች፣ ቆሜ አሰብኩበት። እንግሊዞች ለግምት «ሹድ» የሚሉት አብዛኛውን ጊዜ ለሚፈልጉት ነገር ነው። ባቡሩ በሰዓቱ ይደርሳል ብለው ሲገምቱ ይሉታል። ባቡሩ ይዘገያል ብለው ሲገምቱ ግን አይመቻቸውም፣ «ፕሮባብሊ» ወይም «ላይክሊ» ይላሉ። ስለዚህ «ሹድ» ውስጥ ምኞትም አለበት። ያቺ የቢሮ ሠራተኛ ምናልባት ደህና ነገር ልትነግረኝ ፈልጋ ይሆናል። ይህን ሳስብ ንዴቴ ትንሽ ቀነሰ። 140 ዶላሩ ግን አልቀነሰም።

4ኛው የእኔ ነው። አባባሌን መለስኩ፣ ነርሷን አመሰገንኩ።

5ኛውን የጻፉት ጡረታ የወጡ የሕግ ተርጓሚ ናቸው። ክሩ ውስጥ ሁሉም ሰው ጋሼ ይላቸዋል፣ እኔም እንደዚያው። መልሳቸው ረጅም ነው። ከነጋሪት ጋዜጣ ነው የጀመሩት። ጋዜጣው እ.ኤ.አ. ከ1942 ጀምሮ አማርኛና እንግሊዝኛን ጎን ለጎን ያትማል። በአዋጁ መጨረሻ በአማርኛው ዓምድ «የጸና ይሆናል» የሚል አለ። በእንግሊዝኛው ዓምድ በዚያው ቦታ ላይ ሕጉ ኃይል ውስጥ ይገባል የሚል ነው ያለው፣ በ«ሻል»። ጋሼ ደጋግመው ያዩት ልዩነት ይህ ነው። እንግሊዝኛው የሚያየው በሩን ነው፣ የመግቢያውን ቀን። አማርኛው የሚያየው መጽናቱን ነው። «ሻል» የሕግ ሰው ቃል ስለሆነ ግምት የለበትም። ኪራይ ውል ላይም «ሻል» ካየሽ ያሠረሽ ወይም ያሠረልሽ ነገር አለ አሉኝ።

ከዚያ ወደ ቃላቱ ዘር ገቡ። «ስቲል» መጀመሪያ የማይንቀሳቀስ ማለት ነበር። ጸጥ ያለ ውሃን ዛሬም በዚያው ቃል ይጠሩታል። አሁንም የሚለው ትርጉም በኋላ የመጣ ነው። «ሪሜይን» በፈረንሳይኛ በኩል ከላቲን የመጣ ነው። ማቆየት የሚለው «ኪፕ» የጥንቱ የእንግሊዞቹ የራሳቸው ነው። «ሴም» ደግሞ ከሰሜን ሰዎች፣ ከቫይኪንጎቹ ቋንቋ ገባ። ያው ነው ለማለት የሚጠቀሙበት ቃል ራሱ በባሕር ተሻግሮ የመጣ ነው ማለት ነው። ጋሼ ይህን ሲጽፉ ደስታቸው ይታያል።

6ኛው መልስ ቀዝቃዛ ውሃ ነበር። ጸሐፊው ይህ ሁሉ የቃል ስንጠቃ ነው አለ። ችግሩ እንግሊዝኛ አይደለም፣ ኢሜይልን እንደ ውል መቁጠሬ ነው። እዚህ አገር ያልተፈረመ ነገር እንደሌለ ነው የሚቆጠረው፣ ይህን ለማወቅ ላቲን አያስፈልግም አለ። ይህን ያለው ለጋሼ ነው፣ ያውም «አንተ» ብሎ። 7ኛው ተነሳበት። የአባትህን እኩያ በመድረክ ላይ አንተ ስትል ማን አሳደገህ እስከ ማለት ደረሰ። 8ኛው ላይ ሰውየው ተመልሶ ስለ «አንተ»ው ይቅርታ ጠየቀ። ስለ ክርክሩ ግን አልጠየቀም። እኔ ደግሞ ክርክሩ ላይ ልክ ነው እላለሁ። ያልተፈረመ ነገር አያሠርም። ነገር ግን ቤት መፈለጌን ያስቆመኝ ፊርማ አይደለም፣ ቃል ነው። ሰው ውል ከመፈረሙ በፊት በቃል ላይ ቆሞ ብዙ ይወስናል። ስለዚህ ቃሉን ማወቅ ከንቱ ድካም አይደለም።

ከ9 እስከ 11 ያሉት «ስቲል» እና «ዬት» ላይ ናቸው። ያልመጣን ሰው በ«ዬት» ሲናገሩ ይመጣል ብለው እየጠበቁ ነው፣ ለውጡ መንገድ ላይ ነው። በ«ስቲል» ሲናገሩ ግን ትዕግሥታቸው እያለቀ ነው። አንዷ ለአለቃዋ ሥራው «ስቲል» አላለቀም ብላ ጽፋ ባልደረባዋን ያሳጣች መሰለባት። ልትል የፈለገችው ገና ነው ብቻ ነበር። ሌላው እኛም «ገና አልመጣም» እና «እስካሁን አልመጣም» ብለን እንደምንለይ አሳየ። ሁለተኛው ቅሬታ አለበት። 11ኛው ደግሞ አንድ የጋራ ስህተታችንን አነሳ። «እንደ» ስለምንል «ሴም ላይክ» እንላለን፣ እነሱ «ሴም አዝ» ነው የሚሉት። «ዘ»ንም እንረሳለን፣ «ስቴይ ሴም» አይባልም።

12ኛው የወደድኩት መልስ ነው። ጅዳ በሰው ቤት የምትሠራ እህት ናት። ሌሊት ከሥራ በኋላ እንደጻፈችው ተናገረች። እንግሊዝኛዋ ብዙ እንዳልሆነ ገልጻ፣ ነገር ግን አንድ ነገር ታዝባለች። እነሱ አንድ ነገር ሳይለወጥ ሲቀር «ስቴይ» ይላሉ። ስንት ጊዜ እንደሆነ ቃሉ አይነግርም። እኛ ግን ጊዜውን በግሡ ውስጥ እናስገባለን። ዋለ ካልን ቀን ነው። አደረ ካልን ሌሊት ነው። ሰነበተ ካልን ቀናት አልፈዋል። ከረመ ካልን ክረምቱን ወይም ረዘም ያለ ወራት ነው። ባጀ ካልን በጋውን ነው። ሰላምታችን ሁሉ በዚህ የተሠራ ነው። እናቷ ስልክ ስታነሳ የምትመርጠው ቃል ልጅቱ ለምን ያህል ጊዜ እንዳልደወለች ይናገራል። እንዴት አደርሽ ካለቻት ትናንት አውርተዋል። እንዴት ከረምሽ ካለቻት ወቀሳ ነው። ዘግቶ ዋለ፣ ታሞ ሰነበተ፣ ሳይከፍል ከረመ ስንል ነገሩ እንዳለ መቆየቱንም ዕድሜውንም በአንድ ትንፋሽ እንነግራለን።

እኔ ይህን ሳነብ የራሴ ቋንቋ አዲስ ሆነብኝ። እንግሊዝኛው ምን ያህል እርግጠኛ ነህ ብሎ ይጠይቃል። አማርኛው እስከ መቼ ብሎ ይጠይቃል። ሁለቱንም ጥያቄ የቢሮዋን ሠራተኛ መጠየቅ ነበረብኝ።

13ኛው ላይ የለንደኗ ነርስ ተመለሰች። «ሪሜይን» እንግሊዝ አገር የሰው መለያ እስከ መሆን እንደደረሰ አስታወሰች። እ.ኤ.አ. ሰኔ 23 ቀን 2016 ብሪታንያ በአውሮፓ ኅብረት ትቆይ ወይስ ትውጣ የሚለው ሕዝበ ውሳኔ ሲካሄድ ወረቀቱ ላይ የነበሩት ምርጫዎች አዎና አይደለም አልነበሩም። «ሪሜይን» እና «ሊቭ» ነበሩ። መጀመሪያ የታሰበው አዎና አይደለም የሚለው ነበር። የምርጫ ኮሚሽኑ ያ አጠያየቅ ወደ አንድ ወገን እንዳያዘነብል ብሎ እንዲለወጥ መከረ። መውጣት 51.9 በመቶ አገኘ። በዚያ ሰሞን የሥራ ባልደረቦቿ ብዙዎቹ ድምፅ ሳይሰጡ ወደ ሥራ መጡ። ያለው ነገር ባለበት ይቀጥላል ብለው ነበር። በማግስቱ ጠዋት ክፍሉ ውስጥ የነበረውን ዝምታ እስከ ዛሬ ታስታውሳለች።

14ኛው ክሩን ወደ እኛ ጎተተው። እንግሊዞች ሰው ጠባዩን አይለውጥም ለማለት ነብር ነጠብጣቡን አይለውጥም ይላሉ። ምንጩ ትንቢተ ኤርምያስ 13፥23 ነው። እዚያ ግን ነብሩ ብቻውን አይደለም፣ መጀመሪያ የተጠራው ኢትዮጵያዊ ነው። ኢትዮጵያዊ መልኩን፣ ነብር ዝንጉርጉርነቱን ይለውጥ ዘንድ ይችላልን ይላል። እንግሊዝኛው ተረት ኢትዮጵያዊውን ጥሎ ነብሩን ይዞ ሄደ። ጸሐፊው በዚህ ኩራት እንደሚሰማው ተናገረ፣ ማንነታችን ጸንቶ እንደሚቆይ ምስክር ነው ብሎ።

15ኛውን የጻፈችው እስራኤል፣ ነታንያ የምትኖር ሴት ናት። ድምፁ የተጎዳ ሰው ድምፅ ነው። በዕብራይስጡ ቦታው ላይ ያለው ቃል «ኩሺ» ነው። ያ ቃል ዛሬ እስራኤል ውስጥ መንገድ ላይ ሲጣልባት ስድብ ነው። ስለዚህ ጥቅሱን ስትሰማ ኩራት አይቀድማትም። 14ኛው በችኮላ መለሰላት፣ 16 ቁጥር ላይ። መጽሐፉን እንጂ ተሳዳቢውን አልጠቀስኩም አለ። ትንሽ ጠንከር ብሎባት ነበር። እኔ ሁለቱም የረሱትን ነገር ጨመርኩ፣ በዚያው ቁጥር ሥር። ጥቅሱ በመልክ አያልቅም። የሚቀጥለው ስለ ልማድ ነው፣ ክፋትን ስለለመዱ ሰዎች። መልኩ የመጣው ለምሳሌ ነው። ነቢዩ የሚያዝነው ሰው የለመደውን መተው ስላቃተው ነው። እህታችን ልብ ብቻ አስቀምጣ ሄደች። ልክ ይሁን አይሁን ባላውቅም ሰላም የወረደ መሰለኝ።

17ኛው ተረትና ፍልስፍና ቀላቀለ። ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አይጣፍጥም የሚለውን አምጥቶ፣ አልፎንስ ካር የተባለ ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1849 ከጻፈው ጋር አስተያየው። ነገሮች በተለወጡ ቁጥር ይበልጥ ያው ይሆናሉ የሚለው ነው፣ እንግሊዝኛውም ተርጉሞ ወስዶታል። ከዚያ የበርትራንድ ራስልን ዶሮ አነሳ። ፈላስፋው እ.ኤ.አ. በ1912 የጻፈው ነው። ዶሮዋ በየቀኑ ስለምትመገብ ነገም እመገባለሁ ትላለች። አንድ ቀን ያው የሚመግባት እጅ አንገቷን ይጠመዝዛል። ይህን እኛ በፋሲካ ዋዜማ እናውቀዋለን አለ። የዶሮዋ እምነት በዓሉ እስኪደርስ ድረስ በየቀኑ እየጠነከረ ነው የሚሄደው። ይህ አባባል አልለቅ ብሎኛል። አምስት ዓመት ኪራይ ያልተጨመረበት ሰው ከሁሉ ይበልጥ ተዘናግቶ የሚኖር ነው።

18 እና 19 ስለ ኪራይ ሕግ ናቸው። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ የሚኖር ሰው ሞንትጎመሪ ካውንቲ እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሕግ የሚሸፈኑ ቤቶች ጭማሪ በዓመት ከ6 በመቶ እንዳይበልጥ መደረጉን ነገረኝ። ወደዚያ ተሻገሪ አለኝ። ሌላው አዳዲስ ሕንፃዎች ከዚህ ነፃ መሆናቸውን አሳሰበ። ከዚያ ስለ ፓርኪንግ መጨቃጨቅ ጀመሩ። ያንን አልተርከውም።

20ኛው ላይ አስተማሪዋ ተመለሰች። ክሩን ክፍል ውስጥ ወስዳው ነበር። ለተማሪዎቿ አራት ዓረፍተ ነገር ሰሌዳ ላይ ጽፋ፣ በየትኛው ላይ ብርህን ትመድባለህ ብላ ጠየቀች። ልጆቹ በ«ሹድ» ላይ ተከፋፈሉ። ግማሹ ግዴታ ነው አለ፣ እንደ እኔ። ከዚያ አንድ ነገር አስተማረቻቸው። «ሹድ» ሲመጣባችሁ «ኢዝ ዛት ጋራንቲድ»፣ ይህ የተረጋገጠ ነው ወይ፣ ብላችሁ ጠይቁ። ጥያቄው ጨዋ ነው፣ ማንም አይቀየምበትም። የሚመልሰው ሰው ወይ ወደ «ዊል» ይወጣል ወይ ሊሆን ይችላል ወደሚለው «ማይት» ይወርዳል። «ሹድ» ላይ መቆየት አይችልም።

21ኛው የእኔ ነው። ዘንድሮ ውሌ ሊያልቅ ሲል እንደነገረችን አደረግሁ። ያንኑ ኢሜይል ላክሁ፣ ያው «ሹድ» መጣ። መልሼ ጠየቅሁ። ሁለት ቀን ዝም አሉ። በሦስተኛው ቀን ኪራዩ «ዊል ሪሜይን» አሁን ባለበት የሚል ደብዳቤ፣ በቢሮው ወረቀት ላይ ተጽፎ መጣ። ደስታዬን ለሁሉም አጋራሁ። የጅዳዋ እህት መጀመሪያ እልል አለች።

22ኛው ጋሼ ናቸው። እንኳን ደስ አለሽ ልጄ አሉና አንድ ነገር ጠየቁኝ፦ እስከ መቼ ይላል? ደብዳቤውን አውጥቼ አየሁት። ቀን የለውም። በማግስቱ ጠዋት ወደ ቢሮው ወርጄ የውሉ ማብቂያ ቀን እንዲጻፍበት ጠየቅኋቸው። ሠራተኛዋ ያችው የአምናዋ ነበረች። ስክሪብቶ አንስታ ቀኑን በእጇ ጨመረች፣ ከጎኑም ፈረመችበት።